ተገላጭ፦ ጣሪያዋ ለሚገለጥ መኪና የሚገባ ስም

«ንጹሕ ተቀያሪ መኪና፣ ለሰመር የምትሆን» ይላል ሰሞኑን እዚህ ቶሮንቶ ያየሁት የአማርኛ የሽያጭ ማስታወቂያ። የእግር ኳስ ዘገባ በአማርኛ የሚከታተል ሁሉ ተቀያሪ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ተጫዋች ነው። ተቀያሪ መኪናም ሲባል የሚታየን ዋናዋ ስትበላሽ የምትወጣ ሁለተኛ መኪና ነው። ፎቶው ላይ የቆመችው ግን ጣሪያዋ ወደ ኋላ የታጠፈ ሙስታንግ ናት። ሻጩ «ኮንቨርቲብል» ማለቱ ነበር።

የአንድ ሰው አጻጻፍ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩ። ነገር ግን «ሊቀየር የሚችል መኪና» እና «ተለዋጭ መኪና» የሚሉትንም እያየሁ ነው። ተለዋጭ ማለት ዋናው መንገድ ሲዘጋ የሚታለፍበት መንገድ ነው፤ መለዋወጫ ደግሞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደን የምንገዛው የመኪና ዕቃ ነው። ሦስቱም አጠራሮች የመጡት ከአንድ በሽታ ነው፤ መኪናዋን ሳያዩ የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ አይቶ ከመተርጎም። ቃሉ ገና ሳይለመድ፣ ጠማማው ሳይደነድን፣ ሌላ ስም ላቅርብ፦ ተገላጭ መኪና።

ብሉር ጎዳና ላይ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህ ቃል ትርፍ ነገር አይደለም። የሚያዝያ ዝናብ የአስፋልቱን ጨው አጥቦ ሲጨርስ፣ ክረምቱን በየጋራዡ ተሸፍነው የከረሙት መኪኖች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። በኦሲንግተንና በዶቨርኮርት በኩል፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ይዞ ደጅ የተቀመጠ ሰው ማዝዳ ሚያታ፣ ሚኒ፣ ሙስታንግ፣ ጣሪያዋን አውልቃ የወጣች ጂፕ ራንግለር ሲያልፉ ያያል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዮርክቪል ሲጠጉ የመኪኖቹም ዋጋ ከሱቆቹ ኪራይ ጋር ይወጣል። በሰኔ፣ የአባቶች ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ እዚያው ብሉር ላይ ፌራሪና ላምቦርጊኒ የሚደረደሩበት ትርኢት አለ፤ መንገዱ ተዘግቶ ሕዝብ በእግሩ እየዞረ ያያቸዋል። ልጁን ይዞ የመጣ አባት መሪውን፣ ጎማውን፣ ኮፋኖውን፣ ስፖኪዮውን በአማርኛ ያሳየዋል። ጣሪያው ጋ ሲደርስ ግን ቋንቋ ይቀይራል።

መኪናዋን ሁሉም ያውቃታልና ገለጻ አላበዛም። ይልቅ የሚጠቅመን ሌሎች ቋንቋዎች ምን አይተው እንደሰየሟት ማየት ነው። በምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ መኪና አዲስ አበባ ሲገባ አብዛኛው የዓለም መኪና ክፍት ነበር፤ ጣሪያ ቢኖረው እንኳ ሸራ ነው። ስለዚህ ማንም «ክፍት» ብሎ ለይቶ መጥራት አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባለ ቋሚ ጣሪያ መኪና ሲረክስና ሲበዛ ነው ሌላኛው ስም የፈለገው። እንግሊዝኛ ያኔ «አካሉ የሚለወጥ» የሚለውን ሐረግ አሳጥሮ «የሚለወጥ» አለና ቆመ። ምኑ እንደሚለወጥ ቃሉ ውስጥ የለም፤ ተናጋሪው በልማድ ይሞላዋል። እኛ ቃሉን እንዳለ ስንተረጉም የተረጎምነው መኪናዋን ሳይሆን የእንግሊዝኛን አሕጽሮት ነው።

ፈረንሳይኛ የተሻለ ዓይን ነበረው። «ዴካፖታብል» የሚለው ቃል መሠረቱ «ካፖት» ነው፤ እኛ በብርድ ቀን ከምንደርበው ካፖርት ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። መኪናዋ ካፖርቷን የምታወልቅ ሆና ታየቻቸው። ዐረብኛ ደግሞ «መክሹፋ» ይላታል፤ ከሸፈ ማለት ገለጠ፣ ሽፋን አነሳ ነው። ዕብራይስጥ «ጣሪያዋ የሚከፈት» በሚል ሐረግ ይጠራታል። ሁለቱ የአማርኛ የሴም ዘመዶች ጣሪያው ላይ የሚሆነውን ነገር አይተው ሰይመዋል። ማናቸውም «መለወጥ» የሚለው ጋ አልደረሱም።

አሁን ወደ አማርኛ ዕጩዎች እንምጣ።

«ጣሪያ አልባ» የሚሉ አሉ። ይህ ሐሰት ነው። ጣሪያ አላት፤ ብሉር ላይ ዝናብ ሲጀምር የሚታየው ሩጫ ምስክር ነው።

«ክፍት መኪና» ለአፍ ይቀላል፣ እኔም ለረጅም ጊዜ ልቤ ወደ እርሱ ያደላ ነበር። ሁለት እንከን አለበት። አንደኛ፣ ክፍት የጭነት መኪና የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስፍራው ተይዟል። ሁለተኛ፣ «ክፍት» የሚነግረን የአሁኑን ሁኔታ እንጂ የመኪናዋን ዓይነት አይደለም። መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር በሊንከን ኮንቲኔንታል ሆነው በአደባባይ አልፈዋል፤ ጣሪያው ተነሥቶ ሕዝቡ ሁለቱን መሪዎች በግልጽ ያያቸው ነበር። የፕሬዚዳንቱ ሊንከን ሲያስፈልግ የሚገጠም ብርሃን አስተላላፊ ጣሪያ ነበራት። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ዳላስ ላይ ዝናቡ ስላባራ ያ ጣሪያ ሳይገጠም ቀረ፤ ኬኔዲም እዚያው ተገደሉ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ለቀብራቸው ተመልሰው ሄዱ። ይህን ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው «ክፍት መኪና» ብሎ ከጀመረ «ጣሪያዋ ሳይገጠም ቀረ» ሲል ይቸገራል። የሚያስፈልገው ጣሪያው መኖሩንም መነሣቱንም በአንድነት የሚይዝ ቃል ነው።

ሊቃውንት ግእዝ ያቀርቡ ይሆናል፤ ከሠተ ማለት ገለጠ ነውና «ክሡት» ቢባል ያምራል። ነገር ግን ከሠተ በአማርኛ ጆሮ የሚያመጣው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ነው። ይህን ያህል ከብዶ የሚሰማ ቃል ማስታወቂያ ላይም ጋራዥ ውስጥም አይዘልቅም።

ብርቱው ተቀናቃኝ «ታጣፊ» ነው። ታጣፊ አልጋ፣ ታጣፊ ወንበር፣ ታጣፊ ክላሽ እንላለን፤ ቃሉ ሕያው ነው፣ «ባለ ታጣፊ ጣሪያ» ቢባል ማንም ይረዳዋል። ሚያታን በቅርብ ያየ ደግሞ ይበልጥ ይወደዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችውን የመጀመሪያዋን ሞዴል ተመልከቱ፦ ሹፌሩ ከፊት መስተዋቱ አናት ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች ይፈታል፣ የኋላውን ፕላስቲክ መስኮት በዚፑ ይከፍታል፣ ከዚያ ሸራውን ከነጎባጣ ብረቶቹ ገፍቶ ከወንበሩ ጀርባ ያጥፈዋል። ሞተር የለ፣ ቁልፍ መጫን የለ፤ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 አንድ ሚሊዮን የተመረተችው ሚያታ «ታጣፊ» ብትባል አይበዛባትም።

ችግሩ ሁሉም አይታጠፍም። የራንግለር ጠንካራው ጣሪያ ተፈትቶ ይነሣል፤ ቤት ተቀምጦ ይቀራል። የዚያች የሊንከን ብርሃን አስተላላፊ ጣሪያም በየክፍሉ ተነቅሎ የሚነሣ ነበር። ማጠፍ አንዱ መንገድ ነው፤ ዓላማው ግን መግለጥ ነው። ስም ደግሞ ለሁሉም የሚበቃውን መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ ነው «ገለጠ» የሚያሸንፈው። ድስት ይገለጣል፣ መጋረጃ ይገለጣል፣ የተኛ ሰው ብርድ ልብሱን ይገልጣል፣ ገበና ይገለጣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የማይቀር ነገር አለ፦ ያልተከደነ አይገለጥም። «ገለጠ» ያለ ሰው ክዳን እንዳለ አብሮ ተናግሯል፤ መልሶ መክደን እንደሚቻልም እንዲሁ። እንግሊዝኛ በልማድ የሚሞላውን ክፍተት የአማርኛ ግሥ በራሱ ሞልቶታል።

ቅርጹም የእኛው ነው። «ሊ…የሚችል» የሚለው ረጅም ሐረግ የሚበዛው አማርኛ ለዚያ ነገር ቅርጽ የሌለው ስለሚመስለን ነው። ቅርጹማ አለው፤ ያውም አጭር። ሊሰበር የሚችል ዕቃ ተሰባሪ ነው። በቀላሉ እሳት የሚይዝ ተቀጣጣይ ነው። የሚነቀል ተነቃይ ነው። ከኃይል ምንጮች መካከል ራሱን የሚተካው ታዳሽ ተባለ፣ ዛሬ ዜና አንባቢ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ያነበዋል። ተገለጠ ብሎ ተገላጭ ማለት በዚሁ በተጠረገ መንገድ መሄድ ነው።

የመኪናው ዓለም ራሱ ይህን መንገድ አስቀድሞ ሄዶበታል። አሸዋ የሚደፋው መኪና ገልባጭ ተባለ። ከኋላ የሚጎተተው ተሳቢ ተባለ። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበትን ታክሲ የአዲስ አበባ ሰው ውይይት አለው፤ ሲያወጣው ተሳፋሪዎቹን እያየ ነበር። ኮፋኖ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ መኪና የሚለው ቃል ራሱም ከጣሊያንኛ መጥተው ቤተኛ ሆነዋል፤ በዚህ አላፍርም፣ የተዋሰውን አዋህዶ የራሱ ማድረግም የቋንቋ ጉልበት ነው። «ኮንቨርቲብል» እንዳለ ቢቀር እንኳ ከ«ተቀያሪ» ይሻለኛል፤ ብድር ነውና ቢያንስ አያሳስትም። «ተቀያሪ» ግን የእኛን ቃል ከትርጉሙ አፈናቅሎ ለሌላ ቋንቋ ጥላ ያደርገዋል።

አንድ ተቃውሞ አለ፣ ቀላልም አይደለም። በሰዋስው ትምህርት ገላጭና ተገላጭ የሚባሉ አሉ፤ መግለጫም የሚሰጠው በቃል አቀባይ ነው። ቃሉ አይምታታም ወይ? አይምታታም፣ ምስክሩም ተሳቢ ነው። የሰዋስው መምህሩ ተሳቢ ሲል የዓረፍተ ነገሩን ክፍል ያስባል፤ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ተሳቢ ሲል ከኋላው የሚጎተተውን ያስባል። ሁለቱ በአንድ ቃል ስንት ዘመን ሲኖሩ አልተጣሉም። ተገላጭም ከመኪና አጠገብ ሲቆም ማንም ስለ ቅጽል አያስብም።

መልካም ቃል ደግሞ ይዋለዳል። ሸራ የምትለብሰው ሸራ ተገላጭ፣ ጣሪያዋ ብረት ሆኖ ተከፋፍሎ ሻንጣው ቦታ የሚገባው ብረት ተገላጭ፣ ራንግለርን የመሰለችው ባለ ተነቃይ ጣሪያ ተገላጭ ትሆናለች። ከመጀመሪያው ጣሪያ ሳይኖራት የተሠራች የእሽቅድድም መኪና ደግሞ «ገላጣ» ትባል፤ ዛፍ የሌለበትን ሜዳ ገላጣ እንደምንለው። አንድ ሥር ሁለቱን ለየልን፦ ገላጣ ክዳን የላትም፣ ተገላጭ አላት። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት የማይዛመዱ ቃላት ያስፈልጉታል።

ባለቤቷም የሚያወራበት ግሥ ያገኛል። ገለጥኳት፣ ከደንኳት፣ ሳልከድናት አደረች። ይህ ለባለ ተገላጭ የዕለት ወሬ ነው። ሸራ በብሩሽ በሚፈትግ የመኪና ማጠቢያ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። የፕላስቲክ መስኮት በብርድ ደርቆ ሳለ ከታጠፈ ይሰነጠቃል። የመኸር ቅጠል ከሸራው ሥር ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ከደፈነ ውኃው ወደ ወንበሩ ይገባል። ጣሪያ የመኪናን አካል አጥብቆ የሚይዝ ክፍል ነውና ተገላጭ መኪና ከሥሯ ተጨማሪ ብረት ታስራለች፤ ጨው የዚያን ብረት ጎን ሲበላ ጉዳቱ ከሌላ መኪና ይብሳል። ብሉር ላይ ሊገዛ የሚያይ ሰው ጎንበስ ብሎ ከበሩ በታች ያለውን ብረት ይይ። መንገድ ላይ ተከድና ስታልፍም መለየት ለሚወድ ምልክት አላት፦ በሩ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ መስተዋቱ ዙሪያውን የሚይዘው ፍሬም የለውም፣ የኋላ መስኮቷም ጠባብ ነው።

ቃል በአዋጅ አይለመድም። ማስታወቂያ የሚጽፉ፣ የመኪና ዜና የሚያነቡ፣ አዲስ አበባ ለሠርግ መኪና የሚያከራዩ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ዮርክቪል የሚወጡ ሰዎች ካሉት ይለመዳል፤ ካላሉት ይቀራል። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «ተገላጭ» የሚለውን ሞክሩት፤ የተሻለ ያለው ያምጣ፣ እርሱን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ነገ አዲስ ዕቃ ከአዲስ ስም ጋር ሲመጣ ስሙን ከመተርጎማችን በፊት ዕቃውን ዞረን እንየው፣ እንንካው፣ ምን እንደሚሠራ እንጠይቅ። አማርኛ ላየው ነገር ስም አጥቶ አያውቅም።