የይፋት ወፍ፤ ከጠመንጃ እስከ ካሜራ

ቀድሞ የወፍ ሊቃውንት መሣሪያ ጠመንጃ ነበር። ጣሊያናዊው ኦራጺዮ አንቲኖሪ ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ በሰጡት ቦታ ተቀምጦ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ፣ ለጥናት ወፎችን ይሰበስብ ነበር። በዚያ ዘመን ከአካባቢው ከተሰበሰቡት አንዲቱን፣ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነችውን ትንሽ ወፍ፣ ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅ በ1888 መዘገባት። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ከደረቀው ቆዳዋ በቀር ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ፣ «የሁለት ወፎች ዲቃላ ናት» የሚሉ ተነሡ። በ1989 ግን በሕይወት ተገኘች። የአገሩ እረኛ ግን በየጊዜው ሳያያት አልቀረም።

ዛሬ ከሸዋ ሮቢት በስተደቡብ፣ በአልዩ አምባ ቆላ ትኖራለች። ካሜራ መልኳን፣ ቦታዋንና ቀኑን ይመዘግባል፤ ነፍሷን ግን አይጠይቅም። እንግዲህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ የአገራችንን ወፍ ምስክርነት ከእንግዳ ብቻ አንጠብቅ።