ጥርኝና ምድጃ፦ የቤቱ ሙቀት ለማን ነበር?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቤት ውስጥ ኤሊ የሚያሳድግ ሰው ለምን የሚያሞቅ መብራት ይገዛል? ኤሊ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ ነው። ካልሞቀው የበላውን ምግብ እንኳ በደንብ አይፈጭም። ጥሩ ጠባቂ የሳጥኑን አንድ ጫፍ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያሞቅና ሌላውን ጫፍ ቀዝቀዝ አድርጎ ይተወዋል። ኤሊው ሲበርደው ወደ መብራቱ፣ ሲሞቀው ወደ ጥላው ይሄዳል። መራጩ ራሱ ነው ማለት ነው።

በአገራችንም እንስሳን ቤት ውስጥ በእሳት እያሞቁና ምግብ እየመረጡ መያዝ የቆየ ታሪክ አለው። ታሪኩ ካፋ ያደርሰናል፤ እንስሳው ደግሞ ጥርኝ ነው።

ጥርኝ ከጅራቱ ሥር ባለ ከረጢት ውስጥ ዝባድ የሚባል፣ ሽታው ኃይለኛ የሆነ ቅባት ያመነጫል። በዱር ክልሉን ምልክት ያደርግበታል። ሽቶ ሠሪዎች ግን ሌላ ጥቅም አገኙለት፦ ጥቂት ዝባድ የገባበት ሽቶ ጠረኑ ቶሎ አይጠፋም። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከመያዙ በፊት፣ ዝባድ ከዝሆን ጥርስና ከቡና ጋር ከአካባቢው የሚወጣ ውድ ሸቀጥ ነበር። በከብት ቀንድ ታሽጎ፣ በሲራራ ነጋዴዎች እጅ ተራራና ወንዝ ተሻግሮ እስከ ቀይ ባሕር ይደርስ ነበር።

ታዲያ ጥርኙ እንዴት ይያዝ ነበር? የደቡብ ምዕራብ አርቢዎች ወንዱን ከጫካ ያጠምዱና ከእንጨት በተሠራ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ያስገቡታል። ሥጋ፣ ገንፎ፣ ወተትና እንቁላል ይመግቡታል። ሙቀት ዝባዱን ያበዛል ብለው ስለሚያምኑ ጎጆው ውስጥ እሳት ያነዳሉ። በየ9 እስከ 12 ቀኑ ገደማ ዝባዱን ይፍቃሉ። ለአርቢው ቤተሰብ ይህ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው፤ ስለዚህ ምግቡም እሳቱም እንዲሁ በግድየለሽነት አይተውም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። አንድ ማሞቂያ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «የተሠራው ምን እንዲያስገኝ ነው?» ብዬ ነው። የኤሊው መብራት የተሠራው ለኤሊው ጤና ነው። የጎጆው እሳት ግን ለዝባዱ ነበር። ጥርኝ አጥቢ ነው፤ ሙቀቱን ከበላው ምግብ ራሱ ያመነጫል፣ ሲበዛበት ደግሞ ማስወገድ አለበት። ሌሊት ብቻውን ብዙ መንገድ የሚዞረው ይህ እንስሳ በሳጥኑ ውስጥ ፊቱን እንኳ ማዞር አይችልም። ጭሱን ሸሽቶ የሚሄድበት ቀዝቃዛ ጥግ የለውም። ከተያዙት ብዙዎቹ ሳይላመዱ ይሞታሉ።

እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት የዝባዱን ዋና ጠረን የሚሰጠው ሞለኪውል ባለ 17 ካርቦን ቀለበት መሆኑን አሳየ። ያን ጊዜ ብዙ ኬሚስቶች እንዲህ ያለ ትልቅ ቀለበት ይጸናል ብለው አያስቡም ነበር። በ1939 የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንዲህ ባሉ ሥራዎች ነው። ዛሬ ይህ ሞለኪውል በላቦራቶሪ ስለሚሠራ አብዛኛው ሽቶ ጥርኝ አያስፈልገውም።

የካፋ ደን ግን ጥርኝ ያስፈልገዋል። ፍሬ ይበላል፣ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላል፤ ከዚያ ችግኝ ይበቅላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው የካፋ ደን እንዲህ ባሉ ሌሊት በሚሠሩ ዘሪዎች ጭምር የቆመ ነው።

ቤት ውስጥ የተያዘ እንስሳ ስታዩ ቴርሞሜትሩን ብቻ አትመልከቱ። እንስሳው ከሙቀቱ መራቅ ቢፈልግ የሚሄድበት ቦታ አለው ወይ? ብላችሁ ጠይቁ።