«እችላለሁ» የተባለው ማሽን፦ ከበሽተኛ ጥየቃ የጀመረ ታሪክ



ከጀማዓችን አንድ ወንድም ከግንባታ ሥራ ላይ ወድቆ ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም። አንድ ቀን ከዒሻ በኋላ ልንጠይቀው ሄድን፤ ዱዓ አደረግን፤ ያመጣነውን ፍራፍሬ አስቀምጠን ወጣን። በሌላ ቀን ብቻዬን ስሄድ ፈገግ ብሎ «ያን ምሽት መብራቱን ሳታጠፉ ሄዳችሁ። እማዬ ደክሟት ተኝታ ስለነበር ልቀሰቅሳት አልወደድኩም። አምፖሉን ሳይ አነጋሁ» አለኝ። ስንት ጊዜ ተመላልሼ ማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዛሬ የማወጋችሁ፣ እኔ ያላየሁትን ስላየ አንድ ጠያቂ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይቆይም ነበር። ይገድለው የነበረው በመተኛት የሚመጣው ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። በ1939 ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 በዚያ ሆስፒታል ለእነዚህ ሰዎች ልዩ ክፍል ተከፈተለት። ታካሚዎቹ ሌሊትም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዘ። በዚያው ዘመን ፖሊዮ ሽባ ያደረጋቸውን ደግሞ የመተንፈሻ ማሽን በሕይወት ያቆያቸው ጀመር። በፊት ይሞቱ የነበሩ ሰዎች መኖር ቻሉ። ያኔ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ እሺ፣ እንዴት ይኑሩ?

በ1960 ሬጅ ሜሊንግ የሚባል ሰው በዚህ ሆስፒታል ሕሙማንን እየጠየቀ ሳለ አንድ ነገር አስተዋለ። እጅ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ታካሚዎች ሰው ለመጥራት ያላቸው ፊሽካ ብቻ ነበር። መብራት፣ ሬዲዮ፣ በር፣ ሁሉም ነገር «ፊሽካ ንፋና ሰው እስኪመጣ ጠብቅ» ነው። ሜሊንግ ግን ሌላ ነገር አሰበ፤ ፊሽካ የሚነፋ ትንፋሽ ማሽንስ ለምን አያዝም?

የሠራው መሣሪያ ስም በእንግሊዝኛ «ሕመምተኛው ራሱ የሚያንቀሳቅሰው መምረጫ» እንደማለት ነው። የቃላቱ ምሕፃር ሲነበብ «ፖሰም» ይሆናል፤ በላቲን ቋንቋ ደግሞ «ፖሰም» ማለት «እችላለሁ» ነው።

አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ከአፍ አጠገብ ቀጭን ቱቦ አለ። ሰውየው ሲስብ ወይም ሲነፋ በቱቦው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይለወጥና የኤሌክትሪክ ማብሪያ ይነካል። ፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ «መብራት»፣ «ሬዲዮ»፣ «ደወል» የሚሉ ምርጫዎች ተራ በተራ ይመጣሉ፤ የሚፈልገው ላይ ሲደርስ በትንፋሹ ይመርጣል። በዚሁ ዘዴ የጽሕፈት መኪናም ይታዘዝ ነበር። እስክሪብቶ መያዝ የማይችል ሰው ደብዳቤውን ራሱ ጻፈ ማለት ነው፤ ምስጢሩን ለሌላ ሰው ሳይነግር! በኋላም የአገሪቱ የመንግሥት ጤና አገልግሎት መሣሪያውን ለሚያስፈልጋቸው ያቀርብ ጀመር።

ከዚህ መሣሪያ ጋር ስሙ የሚነሳ ሌላ ሰው አለ፤ ሮቢን ካቨንዲሽ። በ1958 ኬንያ ውስጥ ፖሊዮ ይዞት ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ያለ ማሽን መተንፈስም አልቻለም። ሐኪሞች የሰጡት ዕድሜ የወራት ነበር። እሱ ግን «ቤቴ ውሰዱኝ» አለ። ቤቱ ገባ፤ የኦክስፎርዱ ሳይንቲስት ቴዲ ሆል መተንፈሻ የተገጠመለት ተሽከርካሪ ወንበር ሠራለት፤ እስከ 1994 ኖረ። ራሱ ቤቱ ከገባ በኋላም እንደ ፖሰም ያሉ መሣሪያዎች ለሌሎች እንዲዳረሱ ደክሟል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ኤክስ 10 የተባለ ዘዴ ተፈጠረ፤ ትእዛዙ የሚሄደው ቤቱ ውስጥ ባለው የመብራት ሽቦ ስለሆነ አዲስ መስመር መዘርጋት አያስፈልግም። የተሠራው ለማንም ገዢ ነው፤ አካል ጉዳተኞች ግን ተጠቀሙበት። ከ2014 ወዲህ ደግሞ በድምፅ የሚታዘዙ መሣሪያዎች ገበያውን ሞሉት። ለብዙው ሰው ቅንጦት ናቸው፤ ክንዱ ለማይነሳ ሰው ግን በሩን የሚከፍትለት እጅ ናቸው። እንከንም አላቸው፤ ድምፁ ለተዘጋበት ሰው አይሠሩም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። የሜሊንግ ቱቦ የፈለገው ትንፋሽና ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር።

ኢትዮጵያም በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እንዲህ ያሉ አጋዥ መሣሪያዎች ለሰዎቹ እንዲዳረሱ መንግሥታትን ያስገድዳል። እስኪደርሱ ግን እኛ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በሽተኛ መጠየቅ የሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለው ሐቅ መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል። ያ እንግሊዛዊ ያስተማረኝ ግን ጠያቂ ዓይኑንም ይዞ መሄድ እንዳለበት ነው። በቅርቡ ከጀማዓው ልጆች አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወንድማችን ቤት ሄዶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ሲያዘነብል መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ከትራሱ አጠገብ ገጠመለት። መብራት ስንት ጊዜ እንዳጠፋና እንዳበራ አትጠይቁኝ፤ እናቱ «ኧረ አምፖሉን ታቃጥለዋለህ!» እስኪሉት ድረስ ነው።

እናንተ የምትጠይቁት ሰው ቤት ማብሪያ ማጥፊያው የት ነው?