ማክ ነኝ ያለው ላፕቶፕ

ላፕቶፔ የጌም ላፕቶፕ ነው። ከባድ ነው፣ ኪቦርዱ ቀይ ያበራል፣ ሲሞቅ ማራገቢያው የወፍጮ ቤት ያህል ይጮሃል። ከስክሪኑ ግራ ጥግ የተገመጠችውን ፖም ነክታችሁ ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን መስኮት ብትከፍቱ ግን «ማክቡክ ፕሮ፣ 15 ኢንች፣ 2018» ይላችኋል። ውሸት ነው። ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ፣ አንድ መስመር ላይ።

ዱራሜ ተቀምጬ እዚህ ውስጥ የገባሁት በበሬ ምክንያት ነው። እኛ ጋ የመስቀል በሬ በአንድ ሰው ኪስ አይገዛም። ጎረቤትና ዘመድ ቡድን ሠርቶ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማል። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ስለሚከብድ ከቡድናችን አባላት ከፊሎቹ የሚከፍሉት ከዚያ ነው። ማን ስንት እንዳስገባ የምታሳይ ትንሽ አፕ ለአንድሮይድ ሠራሁ፣ ደብተሩ ቀረ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ደርባን ያለው አጎቴ ደወለ። «የእኔ አይፎን ነው። እኔስ?»

እኔስ ማለት ቀላል ነው። የአይፎን አፕ ለመሥራት ኤክስኮድ የሚባል የአፕል ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ኤክስኮድ የሚሠራው ማክኦኤስ ላይ ብቻ ነው። ማክኦኤስን ደግሞ የአፕል የፈቃድ ውል የአፕል ስም ባለበት ኮምፒውተር ላይ ካልሆነ እንዳትጭኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣችው ርካሿ ማክ ሚኒ አሜሪካ ውስጥ 599 ዶላር ነበረች። የዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት ይህ ገንዘብ በባንክ ሂሳብ 34 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ዶላር ከ100 ብር አለፈና ነገሩ ሌላ ሆነ። ያውም ቀረጡና የሚያመጣው ሰው ሳይታሰብ ነው። «አሮጌ ማክ ግዛ» ያሉኝ ነበሩ። አፕል ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በኤክስኮድ 16 ወይም ከዚያ በላይ ያልተሠራ አፕ አልቀበልም አለ፣ ኤክስኮድ 16 ደግሞ በጣም አሮጌ ማክ ላይ አይወጣም።

እናም ሃኪንቶሽ። ማክ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ማክኦኤስ ማለት ነው። ስጀምር ይህ የጥቂት ጎረምሶች ተንኮል ይመስለኝ ነበር። ታሪኩን ሳነብ ግን ማክን ከማክ ውጭ ለማስኬድ ከሞከሩት አንዱ አፕል ራሱ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1992 አፕል ኖቬል ከሚባል ድርጅት ጋር ሆኖ «ስታር ትሬክ» የሚል ስም የሰጠውን የምስጢር ሥራ ጀመረ። የወቅቱን የማክ ሲስተም፣ ሲስተም 7ን፣ ኢንቴል 486 ባለው ተራ ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት ነበር ዓላማው። ዓመቱ ሳያልቅ አስነሱት። በ1993 ሥራው ተዘጋ። ቀጥሎ ደግሞ በፈቃድ ሞከሩት። ፓወር ኮምፒዩቲንግ የተባለ ድርጅት ከ1995 ጀምሮ ከአፕል ፈቃድ ወስዶ ማክ መሰል ኮምፒውተር ሸጠ፣ ከአፕል ይልቅ በርካሽ። አፕል አዲስ ገበያ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ የራሱን ደንበኛ ተነጠቀ። ስቲቭ ጆብስ በ1997 ሲመለስ ቶሎ ከዘጋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የፓወር ኮምፒዩቲንግን የማክ ሥራ በ100 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ገዝቶ አስቀመጠው።

እስከዚህ ድረስ ግን የማክና የሌላው ዓለም ፕሮሰሰር የተለያየ ነበር። የእኛ ታሪክ በትክክል የሚጀምረው ሰኔ 6 ቀን 2005 ነው። ጆብስ መድረክ ላይ ወጥቶ ማክ ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር ሊዞር ነው አለ። ጨምሮም ላለፉት አምስት ዓመታት ማክኦኤስ ኤክስ በድብቅ ኢንቴል ላይም ሲሠራ እንደኖረ ተናገረ። ለሶፍትዌር ሠሪዎች ፔንቲየም 4 የተገጠመለት የመለማመጃ ኮምፒውተር ተሰጠ። ሲስተሙ ከዚያ ሾልኮ ለመውጣት ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። በጥር 2006 እውነተኛዎቹ የኢንቴል ማኮች ወጡ፣ በየካቲት ማክሱስ በሚል የብዕር ስም ብቻ የሚታወቅ ሰው ጥበቃውን ሰብሮ ለቀቀው።

እዚህ ላይ አፕል ያደረገውን ነገር በጣም ነው የምወደው። ጥበቃ ለሚሰብሩ ሰዎች ሲስተሙ ውስጥ ግጥም ደበቀላቸው። ሰርስሮ የገባ ሰው እንዲያገኘው የተቀመጠ፣ አትስረቁ የሚል ግጥም። ጥበቃውን የሚያከናውነው ፋይል ስሙ ራሱ «ማክኦኤስ ኤክስን አትስረቁ» ነው። የተመሰጠረውን የሲስተሙን ክፍል የሚፈታው ቁልፍም ድካማችንን አትስረቁብን ብሎ የሚለምን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ቁልፉ የሚቀመጠው እውነተኛ ማክ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ቺፗ የለውም፣ ስለዚህ ቺፕ መስሎ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጫንኩበት። ማክኦኤስ በተነሳ ቁጥር «ቁልፍህ የት አለ?» ይላል፣ ፕሮግራሟ ልመናውን ቃል በቃል ትደግምለታለች፣ በሩ ይከፈታል።

ሰረቅሁ? የፈቃድ ውሉን አፍርሻለሁ፣ ይህ አያከራክርም። የእኛም ሕግ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ንጹሕ ነኝ ብዬ አልከራከርም። ፍርድ ቤት የሄደም አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሳይስታር የተባለ ትንሽ ድርጅት በ2008 ማክኦኤስ የተጫነበት ተራ ኮምፒውተር ከ399 ዶላር ጀምሮ መሸጥ ጀመረ። አፕል በሐምሌ ከሰሰ። በኅዳር 2009 ዳኛ ዊልያም አልሰፕ ለአፕል ፈረዱ፣ በ2011 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ለራሳቸው ብቻ የሚጭኑትን ግን አፕል አንድ በአንድ እያሳደደ ፍርድ ቤት አላቆመም። እነሱን የጣላቸው ዝማኔ ነው። በ2009 የዴል ሚኒ 9 ዓይነት ትንንሽ ርካሽ ላፕቶፖች ሃኪንቶሽ ለመሥራት ተወዳጅ ሆነው ነበር። በኅዳር የወጣው 10.6.2 ዝማኔ የእነሱን አቶም ፕሮሰሰር መደገፍ አቆመና በዘመኑ ርካሽ የነበረው መንገድ በአንድ ሌሊት ጠበበ።

ስለ ውሸቱ ትንሽ ላብራራ። ኮምፒውተር ሲነሳ ለሲስተሙ ማንነቱን ይናገራል፦ ሞዴሌ ይህ ነው፣ ሲሪያል ቁጥሬ ይህ ነው። ድሮ ካሜሊዮን፣ ቀጥሎ ክሎቨር፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ኦፕንኮር የተባሉት ማስነሻዎች በመሃል ይገቡና ይህን ቃል ይቀይሩታል። ማክኦኤስ ራሱ እምብዛም አይነካም፣ የሚሰማው ወሬ ነው የሚለወጠው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ መናኸሪያ አካባቢ የነበረ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ማመልከቻ አስጽፈን በፍላሽ ይዘን ሆሳዕና ስንሄድ፣ እዚያ ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደል ቆሎ ይሆን ነበር። ቫይረስ ይመስለን ነበር። አልነበረም። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፊደል ቅርጾች ለኮምፒውተሩ ይዋሹት ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ለላቲን የተሰጡ ቦታዎችን ብቻ ነው፣ በጠቅላላው 256። «ይህ የላቲን ፊደል ነው» ይባላል፣ ስክሪን ላይ የሚሳለው ግን የእኛ ፊደል ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያው ቅርጽ ከሌለ ውሸቱ ይጋለጣል። እንደ ዶ/ር አበራ ሞላና እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ሰዎች በ1980ዎቹ አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ሲያወጡ ከፊታቸው የነበረው ማሽን ስለ እኛ ፊደል ምንም አያውቅም ነበር። ከዚያም በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን የተሠራውን ታይፕራይተር ለአማርኛ ሲያስማሙ ቁልፎቹ ለፊደላችን አልበቃ ብለዋቸው ቅርጹን በቁርጥራጭ መቀጣጠል ነበረባቸው። ሃኪንቶሽ የሚለው ቃል ሳይፈጠር በፊት እኛ እዚያ ነበርን።

የፊደሉ ነገር ግን መጨረሻው አማረ። መስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 የራሱ ቁጥሮች ሰጠው። «ሀ» 4608 ነው፣ ዱራሜም ሆነ ቶኪዮ። ውሸት አላስፈለገም። የሚገርመው እኔ ማክኦኤስን ባስነሳሁ ቀን በአማርኛ የከፈትኩት ገጽ «ከፋ» በሚባለው አፕል አብሮ በሚያስቀምጠው የፊደል ቅርጽ ጥርት ብሎ ወጣ። ላፕቶፑ ሐሰተኛ፣ ፊደሉ ሕጋዊ።

አሁን ወደ ጌም ላፕቶፕ። ለምን ይህ ላፕቶፕ ተመረጠ? አልተመረጠም፣ ያለኝ እሱ ነው። እዚህ አገር ኮድ የሚጽፍ ብዙ ሰው የጌም ላፕቶፕ የሚይዘው ለጌም ሳይሆን ብዙ ራምና ጠንካራ ፕሮሰሰር ስላለው ነው። ለሃኪንቶሽ ግን መጥፎ ዕቃ ነው። ሁለት የምስል ማውጫ አለው። አንደኛው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ነው፣ ሌላው ገንዘብ የተከፈለበት የኤንቪዲያ ካርድ። አፕልና ኤንቪዲያ ከተራራቁ ቆይተዋል። መስከረም 2018 ሞሃቬ የተባለው ማክኦኤስ ሲወጣ ለአዳዲሶቹ የኤንቪዲያ ካርዶች ድራይቨር አልነበረም፣ ከዚያ ወዲህም አልመጣም። የእኔ ካርድ የተሠራው በ2019 ነው፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ የተወለደ። ስለዚህ የማደርገው ቢኖር ላፕቶፑን ውድ ያደረገውን አካል ሲነሳ ማጥፋት ነው፣ ባትሪ እንዳይበላ። የኤችዲኤምአይ መሰኪያው የተያያዘው ከዚያ ካርድ ጋር ስለሆነ እሱም አብሮ ሞተ። የቀረው የኢንቴሉ ነው፣ እሱም ዘጠነኛ ትውልድ ስለሆነ በዕድል። አሥራ አንደኛ ቢሆን ኖሮ አፕል እነዚያን ማክ ላይ ስላልገጠማቸው ድራይቨር አይኖርም ነበር። አዲስ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛዬ አልቻለም፣ እኔ በአሮጌው ቻልኩ።

ከ12 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ሲስተም ማታ ማታ አወረድኩ፣ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። ድምፁ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ዋይፋዩ በስድስተኛው። የከበደኝ ዩኤስቢ ነው። ማክኦኤስ በአንድ መቆጣጠሪያ ላይ ከ15 በላይ የዩኤስቢ መስመር አይቀበልም፣ የእኔ ላፕቶፕ ከዚያ በላይ ይቆጥራል። የትኛው መሰኪያ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ፍላሽ እየሰካሁ እየነቀልኩ በወረቀት ጻፍኩና ትርፉን ቆረጥኩት። ያለዚያ አይፎን ሲሰካ አይታይም፣ የድካሙ ሁሉ ምክንያት ደግሞ አይፎን መሰካት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ማክኦኤስ ኢንቴልን እስከሚያውቅ ድረስ ነው። ሰኔ 2020 አፕል ወደ ራሱ ፕሮሰሰር እንደሚዞር አስታወቀ፣ ኅዳር ላይ ኤም1 ወጣ። ሰኔ 2025 ደግሞ ታሆ የተባለው ማክኦኤስ 26 ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው እንደሆነ ተናገሩ። ታሆ የሚቀበለው ጥቂት የኢንቴል ሞዴሎችን ነው፣ እኔ ነኝ ያልኩት የ2018ቱ ማክቡክ ከመካከላቸው የለም። አንድ መስመር ቀይሬ የ2019 ነኝ ማለት እችላለሁ። ከታሆ በኋላ በሚመጣው ግን የምዋሸው ስም አይኖርም። የአፕልን ፕሮሰሰር ብቻ የሚያውቅ ሲስተም ለኢንቴል ማሽን ቋንቋው አይገባውም። በ2005 የተከፈተው መስኮት የተከፈተው ፕሮሰሰሩ አንድ ስለሆነ ነበር፣ የሚዘጋውም በዚያው ነው።

ታሆ በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መስቀል ሆነ፣ የእኛ 2018። አጎቴ ከደርባን መጣ። የበሬው ማግስት ማታ ስልኩን በገመድ ሰካሁት፣ ታየ። ለአፕል በዓመት 99 ዶላር ያልከፈለ ሰው የሠራው አፕ በገመድ ሲጫን የሚቆየው 7 ቀን ነው፣ ከዚያ አይከፈትም። ይህን ነገርኩት። «ሰባት ቀን ይበቃኛል» ብሎ ሳቀና የራሱን መስመር ፈልጎ አገኘ፣ የነሐሴው ክፍያ እንዳልገባለት አየ። ገብቷል፣ እኔ ነኝ ሳልመዘግብ የቀረሁት። እዚያው አስተካከልኩለት።

ሊመለስ ሲል እንደገና ጫንኩለት። ደርባን ከደረሰ በኋላ ደወለ። «ተዘጋ» አለኝ። አሁን በየወሩ የእሱን መስመር በስክሪን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክለታለሁ። ላፕቶፑ ላይ ዝማኔ የሚጠይቀውን መስኮት አጥፍቼዋለሁ።