ኑዛዜ፣ ግለ ሂስና ማጋለጥ፤ የሃይማኖት ሥርዓትና የአእምሮ ጫና በቃላት ታሪክ ሲመዘኑ

1. መግቢያ

ሃይማኖታዊ ሥርዓት የሰውን አእምሮ በጫና ከመለወጥ ዘዴ ጋር ይመሳሰላል ወይስ አይመሳሰልም የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በሥነ ልቦና ሊቃውንት ዘንድ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ጥያቄውን ከቋንቋና ከታሪክ አንጻር ለመመልከት ይሞክራል። ለዚህም አንድ ድርጊት ብቻ ተመርጧል፤ ይኸውም ሰው ጥፋቱን በገዛ አንደበቱ መናገሩ ነው። ድርጊቱ በአገራችን ቢያንስ ሦስት ስሞች አሉት፤ ኑዛዜ፣ ግለ ሂስና ማጋለጥ። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። በሦስቱ መካከል ያለው መመሳሰል እውነተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ አንዱን ከሌላው የሚለየው የተነገረው ነገር ሳይሆን፣ ከተነገረ በኋላ ቃሉ በማን እጅ ይቀራል የሚለው ነው።

2. የንጽጽሩ አመጣጥ

«አእምሮ አጠባ» የምንለው አነጋገር ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ኤድዋርድ ሃንተር በተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ዊልያም ሳርጋንት ጉዳዩን ወደ ሃይማኖት አሻገረው። ሳርጋንት ከፓቭሎቭ የውሾች ሙከራ ተነሥቶ፣ ፍርሃት፣ ድካም፣ ጾም፣ ከበሮና ጭፈራ አንጎልን ለአዲስ እምነት ክፍት ያደርጉታል ሲል ጻፈ። የ18ኛው መቶ ዘመን ሰባኪ ጆን ዌስሊ ስለ ገሃነም የሰጠውን ስብከትም በዚሁ ሚዛን መዘነው።

በሳርጋንት ሚዛን ከሄድን የእኛም ሥርዓት ከዝርዝሩ አያመልጥም። ሌሊቱን የሚዘልቀው ማኅሌት፣ የሰሙነ ሕማማት ስግደት፣ ረጅሙ ጾም፣ ከበሮና ጽናጽል ሁሉም አሉ። ነገር ግን በዚህ ሚዛን የወታደር ሥልጠናም፣ የቆሎ ተማሪ ኑሮም፣ የሠርግ ጭፈራም ከአእምሮ ጫና ይቆጠራሉ። ሁሉን የሚያስቀር ወንፊት ደግሞ ወንፊት አይባልም።

ከዚህ የተሻለ መለያ ያቀረበው አሜሪካዊው ሮበርት ሊፍተን ነው። ሊፍተን በቻይና «የአስተሳሰብ ተሐድሶ» ያለፉ 25 ምዕራባውያንንና 15 ቻይናውያንን በሆንግ ኮንግ አነጋግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፉ ስምንት መለያ ባሕርያትን ዘርዝሯል። ከእነዚህ አንዱ ኑዛዜ እንደ አምልኮ የሚያዝበት ሁኔታ ነው፤ ይህም ሰው ያልሠራውን ኃጢአት ሳይቀር እንዲናዘዝ የሚገደድበትና የግል ምስጢር የሚባል ነገር የማይኖርበት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ኑዛዜ አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ ኑዛዜው ወሰን አለው ወይስ የለውም ወደሚለው ይዞራል።

3. ቃላቱ ምን ይነግሩናል?

ኑዛዜ የሚለው ቃል ምንጩ ግዕዝ ነው። «ናዘዘ» በግዕዝ አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ሲሆን፣ «ናዛዚ» የሚለውም ለመንፈስ ቅዱስ የሚሰጥ ስም ነው። ስለዚህ ቃሉ ከመነሻው የሚያመለክተው የተናጋሪውን ጥፋት ሳይሆን የአድማጩን ሥራ ነው፤ አድማጩ ያጽናናል። በአማርኛ ደግሞ ኑዛዜ ሰው ሲሞት የሚተወውን የመጨረሻ ቃል ጭምር ይጠራል። በሁለቱም ፍቺዎች ውስጥ አደራ አለ። ቃሉን የተቀበለው ሰው እንደ ፈለገው አያደርገውም።

ማጋለጥ «ገለጠ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። ሆኖም በገለጠና በአጋለጠ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። ሰው ምስጢሩን ለወዳጁ ይገልጣል፤ ለፀሐይና ለነፋስ ግን ይጋለጣል። በመጀመሪያው ሰውየው ባለቤት ነው፤ በሁለተኛው ከለላውን ያጣ ነው። ሂስ ነቀፋንና ትችትን ከሚገልጽ የግዕዝ ቃል የመጣ ሲሆን፣ የእኛም የሙያ ቃል መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው «አመነ» የሚለው ግስ ነው። ካህኑም መርማሪውም «እመን» ይላሉ። አንዱ ተቀበል፣ ተማመን ማለቱ ነው፤ ሌላው ጥፋትህን አምጣ ማለቱ ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል መያዙ የንጽጽሩን አደጋም ጥቅምም ያሳያል።

4. ከውይይት ክበብ ወደ ማጋለጥ

ሂስና ግለ ሂስ ከሶቪየት ኅብረትና እ.ኤ.አ. በ1942 በየናን ከተጀመረው የቻይና ፓርቲ የማስተካከያ ዘመቻ ልምድ ተቀድቶ፣ በተማሪዎች ንቅናቄ በኩል ወደ አገራችን የገባ ነው። በድርጅቶቹ ውስጥ መጀመሪያ የታሰበው ጓድ ጓዱን የሚያርምበት ሥርዓት ሆኖ ነበር። ከሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም አዋጅ በኋላ የውይይት ክበብ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ሲስፋፋ፣ ግለ ሂስም ከድርጅት አባላት አልፎ ለተራው ዜጋ ደረሰ።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ደግሞ ነገሩ መልኩን ለወጠ። በቀበሌ አዳራሾች ነዋሪው ተሰብስቦ ራሱን እንዲያጋልጥ፣ ቀጥሎም ሌላውን እንዲያጋልጥ ይጠየቅ ጀመር። በውጭ መልኩ ሲታይ ከኑዛዜ ጋር የሚያመሳስለው ብዙ ነበር። ጥፋትን መናገር፣ መጸጸት፣ ይቅርታ መጠየቅና አዲስ ሰው ሆኖ የመመለስ ተስፋ ሁሉም ነበሩ። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች ተገልብጠዋል። አንደኛ፣ ለአንድ ሰው ጆሮ ይነገር የነበረው በጉባኤ ፊት ተነገረ። ሁለተኛ፣ በአድማጩ ልብ ይቀር የነበረው በወረቀት ተጽፎ በፋይል ተቀመጠ። ሦስተኛ፣ የራስን ጥፋት መናገር ብቻውን አልበቃ ብሎ፣ የንስሐው እውነተኛነት ማረጋገጫ የሌላ ሰው ስም ሆነ። የንስሐ አባት የጎረቤትህን ኃጢአት ንገረኝ አይልም።

አራተኛም አለ። ጾሙ ፋሲካ አለው፤ ንስሐውም ቀኖናው ሲፈጸም በፍትሐት ይዘጋል። የተጋለጠ ሰው ግን ፍትሐት አልነበረውም። ዛሬ የተናገረው ነገ እንደገና ሊያስጠይቀው ይችል ነበር።

5. መስቀሉና ዘውዱ ሲጣመሩ

ከላይ የተባለውን ይዞ ሃይማኖት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ፖለቲካ ብቻ በደለኛ ነው ብሎ መደምደም ግን ታሪክን መካድ ይሆናል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚመሰክር ጽሑፍ በአካሉ ላይ እንዲይዝ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ጠቋሚዎች በዝተው፣ የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ በጣዖት አምልኮ ተከሰው ተቀጥተዋል። ለንጉሡና ለሥዕል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ የደረሰባቸው ግርፋትና ስደትም በገድሎቻቸው ተጽፎ ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን ገድሎች ወደ አማርኛ መልሰው ለአንባቢ አድርሰዋል። በዚያ ዘመን የተጠየቀው ስግደት በቤተ ክርስቲያን ከሚፈጸመው ስግደት በአካል እንቅስቃሴው አይለይም። ልዩነቱ እምቢ ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ ላይ ነበር። ግለሰቡን ከነፍስ አባቱ ጋር ያገናኝ የነበረው ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ።

ገድሎቹ ደግሞ ሌላም ያስተምሩናል። ደቂቀ እስጢፋኖስ ጫናውን የተቋቋሙት ሃይማኖትን በመተው አልነበረም፤ በጾም፣ በጸሎትና በምንኩስና ነበር። ሳርጋንት አእምሮን ያደክማሉ ያላቸው ነገሮች እዚህ የእምቢታ ኃይል ሆነው ይገኛሉ።

6. ማጠቃለያ

እንግዲህ አንድን ሥርዓት ለመመዘን ጾሙን፣ ከበሮውንና ስግደቱን መቁጠር አያደርስም። የሚያደርሱት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። የተናገርሁት ቃል በማን እጅ ይቀራል? እምቢ ብል ምን ይደርስብኛል? መጨረሻው መቼ ነው? ስለ ራሴ ብቻ ነው የምጠየቀው ወይስ ስለ ሌላውም? እነዚህ ጥያቄዎች ለአጥቢያም፣ ለጸሎት ቡድንም፣ ለፓርቲም እኩል ይሠራሉ።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ ጉዳዩ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ነው። በደርግ ዘመን የተሰጡ ቃሎች በመዛግብት ውስጥ ይገኛሉ። የሥርዓቱ የገዛ ሰነዶች በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. በተጀመረውና በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ባገኘው የከፍተኛ ባለሥልጣናት ክስ በማስረጃነት ቀርበዋል። እነዚህን የመሰሉ ቃሎች በመጀመሪያ መደብ «እኔ» እያሉ ስለሚተርኩ የሕይወት ታሪክ ይመስላሉ። እንደ ሕይወት ታሪክ ማንበብ ግን ተናጋሪውን ሁለተኛ ጊዜ ማጋለጥ ነው፤ ምክንያቱም «እኔ» የሚለውን ቃል ያስመረጠው ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሊሆን ይችላል። ሂስን ሙያው ያደረገ ሰው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ጽሑፉ ምን ይላል ብሎ ሳይሆን፣ ይህን ቃል ማን፣ በምን ዋጋ ተቀበለው ብሎ ነው።