ጥፋተኛን ከመፈለግ ወደ ካሳ፦ የተጎዱ ሠራተኞች ሕግ በኒው ዮርክ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ካሳ የሚያገኘው አሠሪውን ከስሶ፣ ጉዳቱ የደረሰው በአሠሪው ጥፋት መሆኑን ካስረዳ ብቻ ነበር። ማስረዳቱም ብቻውን አይበቃም። ሠራተኛው ራሱ በጥቂቱም ቢሆን ቸልተኛ ሆኖ ከተገኘ ክሱ ይወድቃል። ሥራው አደገኛ መሆኑን እያወቀ ከተቀጠረ፣ አደጋውን ወዶ እንደተቀበለ ይቆጠርበታል። ጉዳቱ የመጣው በሥራ ባልደረባው ስህተት ከሆነ ደግሞ አሠሪው አይጠየቅም።

ከሦስቱ መከላከያዎች እጅግ የከፋው የመጨረሻው ነው። መሠረቱን ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1842 በማሳቹሴትስ የተሰጠ ፍርድ ነው። ፋርዌል የተባለ የባቡር ነጂ፣ ሐዲድ ቀያሪ ባልደረባው በሠራው ስህተት ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ቀኝ እጁን አጥቷል። ዋና ዳኛው ሌሙኤል ሾው የነጂው ደመወዝ የአደጋውን ዋጋ አስቀድሞ ያካተተ ነው፣ ሠራተኞችም አንዱ የሌላውን ጥንቃቄ መከታተል ይችላሉ ብለው ክሱን ውድቅ አደረጉት። በሚሮጥ ባቡር ላይ ያለ ሰው ከፊቱ ርቆ ያለውን ሐዲድ ቀያሪ እንዴት ሊቆጣጠር እንደሚችል ግን ፍርዱ አልመለሰም። የሆነው ሆኖ የሌሎች ግዛቶች ፍርድ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ይህንኑ ፍርድ ተከትለዋል።

የዚህ ሕግ ውጤት በቁጥር የታየው ክሪስታል ኢስትማን የተባለች የሕግ ባለሙያ በፒትስበርግ ባካሄደችው ጥናት ነው። የብረት ፋብሪካዎች፣ የከሰል ማዕድን ማውጫዎችና የባቡር መሥመሮች በሞሉበት፣ ፒትስበርግ በምትገኝበት በአሌጌኒ አውራጃ ከሐምሌ 1906 እስከ ሰኔ 1907 ባለው አንድ ዓመት ብቻ 526 ሠራተኞች ሥራ ላይ ሞተዋል። ከሟቾቹ መካከል ባለትዳር ከነበሩት፣ ከግማሽ የሚበልጡት ቤተሰቦች ያገኙት ካሳ ከ100 ዶላር ያልበለጠ ወይም ጭራሽ ምንም ነበር። ሸክሙ የወደቀው በባልቴቶችና በልጆች ላይ ነው።

በአውሮፓ ግን ነገሩ ቀድሞ ተለውጧል። ጀርመን በ1884 የአደጋ መድን ሕግ አወጣች፤ ብሪታንያም በ1897 የራሷን ተከተለች። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፦ ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ከተጎዳ፣ ማን አጠፋ ሳይባል ካሳ ይከፈለዋል። ይኸው መርህ ዛሬ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥም ሰፍሯል።

ኒው ዮርክ በ1910 ለአደገኛ ሥራዎች ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን አንድ የባቡር ሠራተኛ ባቀረበው ክስ ላይ፣ ያላጠፋን አሠሪ ክፈል ማለት ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ንብረቱን መውሰድ ነው ሲል ሕጉን ሻረው። ቀኑ መጋቢት 24 ቀን 1911 ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ በማንሃተን በሚገኘው አሽ ሕንፃ 8ኛ ፎቅ ላይ፣ ከጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር በተከማቸ ቁርጥራጭ እሳት ተነሣ። 8ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው ፎቅ የትሪያንግል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ነበሩ። እዚያ ከሚሠሩት 500 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ ከኢጣሊያና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኛ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከ8ኛ ፎቅ ወደ 10ኛው ተደወለ፤ ባለቤቶቹ ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስም በጣሪያ በኩል አመለጡ። ለ9ኛው ፎቅ ግን የነገረው አልነበረም። በአንደኛው ደረጃ በኩል ነበልባል መንገዱን ዘጋ፤ ወደ ዋሽንግተን ፕሌስ ጎዳና የሚያወጣው ሁለተኛው በር ተቆልፎ ነበር። ሠራተኞች ጨርቅ ሰርቀው እንዳይወጡ ሁሉም ቦርሳውን እያስፈተሸ በአንድ በር ብቻ እንዲወጣ ይደረግ ነበርና። ከሕንፃው ጀርባ የነበረው የማምለጫ መሰላል በሰው ክብደት ተገንጥሎ ወደቀ። የአሳንሰር ነጂዎቹ እስኪያቅታቸው ድረስ እየተመላለሱ ብዙዎችን አወረዱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል የደረሰው 6ኛ ፎቅ ድረስ ብቻ ነበር፤ ብዙዎች ከመስኮት ዘለሉ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 146 ሰዎች ሞቱ፤ 123ቱ ሴቶች ነበሩ። ሕንፃው እሳት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ስለነበር አልፈረሰም፤ ዛሬም ቆሟል።

ባለቤቶቹ በግድያ ወንጀል ተከሰው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በነፃ ተለቀቁ። ዳኛው፣ ባለቤቶቹ በዚያች ሰዓት በሩ መቆለፉን ያውቁ እንደነበር ካልተረጋገጠ ጥፋተኛ ማለት አይቻልም ብለው ለጁሪው አባላት አስረድተው ነበር፤ የጥፋት ሕግ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ይህ ብቻ ያሳያል። በ1914 በ23 የፍትሐ ብሔር ክሶች ለእያንዳንዱ ሟች 75 ዶላር ተከፍሎ ነገሩ ተዘጋ፤ ባለቤቶቹ በበኩላቸው ከኢንሹራንስ ያገኙት ገንዘብ ከኪሳራቸው በ60,000 ዶላር ያህል ይበልጥ ነበር። ብላንክ በ1913 በሌላ ፋብሪካው እንደገና በር ቆልፎ ተገኝቶ 20 ዶላር ተቀጣ።

ቃጠሎው የቀሰቀሰው የሕዝብ ቁጣ ግን ውጤት አመጣ። በሮበርት ዋግነርና በአል ስሚዝ የተመራ የፋብሪካዎች መርማሪ ኮሚሽን ከተማ ለከተማ እየዞረ ምስክሮችን ሰማ፤ ፋብሪካዎችንም በአካል ፈተሸ። ቃጠሎውን በዓይኗ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስም በሥራው ተሳትፋለች፤ በ1933 የአሜሪካ የሥራ ሚኒስትር ሆናለች። ከኮሚሽኑ የወጡት ሕጎች በሥራ ሰዓት በር መቆለፍን ከለከሉ፣ በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ፣ በረጃጅም ፋብሪካዎችም ውኃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ እንዲገጠም አዘዙ።

ካሳውን በተመለከተ፣ ፍርድ ቤቱ የሻረውን ለመመለስ የኒው ዮርክ ሕዝብ በ1913 የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት አሻሻለ። ከሐምሌ 1914 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሕግ የተጎዳ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዙን ሁለት ሦስተኛ፣ ባሏ የሞተባት ሚስት ከደመወዙ 30 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅም 10 በመቶ እንዲያገኙ ተወሰነ። በልዋጩ ሠራተኛው አሠሪውን በፍርድ ቤት የመክሰስ መብቱን አጣ። ድርድሩ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል ቢባልም የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት አይከፈልባቸውም ነበር፤ የእርሻና የቤት ሠራተኞችም ከሕጉ ውጭ ቀሩ፤ ብዙውን ጊዜ እጅግ ድሆቹ እነሱ ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ በ1917 አረጋገጠ። ሌሎች ግዛቶች አንድ በአንድ ተከተሉ፤ የመጨረሻዋ ሚሲሲፒ ሕጓን ያወጣችው በ1948 ነው።