የበርበሬ እርሻና ጠቃሚ ነፍሳት

በርበሬ (ሮማይስጥ፦ ካፕሲኩም) ፍሬው የሚያቃጥል ወይም የሚጣፍጥ የአትክልት ወገን ነው። ከቲማቲም፣ ከድንች፣ ከደበርጃንና ከትምባሆ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። በኢትዮጵያ አረንጓዴው ፍሬ ቃሪያ፣ ቀልቶ የደረቀው በርበሬ፣ ትንሹና በጣም የሚያቃጥለው ደግሞ ሚጥሚጣ ይባላል። ቁንዶ በርበሬ ግን በስም ብቻ ይመሳሰላል እንጂ ከህንድ የመጣና የሌላ ቤተሰብ ተክል ነው።

የበርበሬ ተክል በብዙ ተባዮች ይጠቃል። ተባዮቹን ለመቆጣጠር ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ተባይ በሚበሉ ወይም በተባይ ላይ ጥገኛ በሆኑ ጠቃሚ ነፍሳት መጠቀም ነው። ይህ ዘዴ ሥነ ሕይወታዊ ተባይ ቁጥጥር ይባላል።

== አመጣጥ ==

የበርበሬ የትውልድ አገር አሜሪካ ነው። በሜክሲኮና አካባቢው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ተለምዷል። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ከደረሰ በኋላ ወደ አውሮፓ ተወሰደ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በተለይ በፖርቱጋል ነጋዴዎች በኩል ወደ አፍሪካና እስያ ተስፋፋ። ስለዚህ ዛሬ ያለ እርሱ የማይታሰበው ቀይ ወጥ ከጥቂት መቶ ዓመታት ወዲህ የመጣ ነው ማለት ነው። ከበርበሬ ጋር የሚደለዘው ኮረሪማ ግን የኢትዮጵያ የራስዋ ተክል ነው።

== የማቃጠል ምክንያት ==

በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ሰው ፍሬው (ዘሩ) የሚያቃጥል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ካፕሳይሲን በብዛት የሚገኘው ዘሩ በተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው። ንጥረ ነገሩ በአፍ ውስጥ ሙቀትን ከሚያውቀው የነርቭ ተቀባይ ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ አንጎል ቃጠሎ እንዳለ ይቆጥራል። ይህን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፍሏል። ወፎች ግን ካፕሳይሲን አያቃጥላቸውም፤ ስለዚህ ፍሬውን በልተው ዘሩን ይበትናሉ።

የማቃጠል መጠን የሚለካው ዊልበር ስኮቪል በ1912 እ.ኤ.አ. ባወጣው የስኮቪል መለኪያ ነው። ሃባኔሮ የተባለው ዓይነት ከ100,000 እስከ 350,000 ይደርሳል። በ2023 እ.ኤ.አ. በጊነስ መዝገብ አንደኛ የሆነው ፔፐር ኤክስ በአማካይ 2,693,000 ተለክቷል።

እንዲህ የሚያቃጥል ተክል ተባይ እንዴት ይደፍረዋል የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ካፕሳይሲን ያለው በፍሬው ውስጥ መሆኑ ነው። በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ተባዮች ደግሞ የሚመገቡት ከቅጠል፣ ከአበባና ከለጋ ቡቃያ ነው።

== አመራረት ==

በኢትዮጵያ ከታወቁት የበርበሬ አካባቢዎች መካከል ማረቆ፣ መስቃን፣ ስልጤና ሀላባ፣ እንዲሁም በምዕራብ ጎጃም ቡሬና አካባቢው ይገኛሉ። ማረቆ ፋና እና ባኮ ሎካል ለረጅም ጊዜ የተዘሩ ዝርያዎች ናቸው። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ መልካ አዋዜ፣ መልካ ዛላና መልካ ሾቴ የተባሉ ዝርያዎች ወጥተዋል።

* '''ችግኝ፦''' ዘሩ በመደብ ወይም በሳጥን ይዘራል። በደንብ የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። በቀዝቃዛ አፈር ግን ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።
* '''ማዛመት፦''' ችግኙ ከ45 እስከ 60 ቀን ከቆየ በኋላ ወደ ማሳ ይዛወራል። ከመዛወሩ በፊት ውሃውን ቀነስ፣ ጥላውን ገለጥ እያደረጉ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ማለማመድ ያስፈልጋል። የተለመደው ርቀት በመስመሮች መካከል 70 ሴንቲሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲሜትር ነው።
* '''አፈር፦''' ውሃ የማይተኛበት፣ ኮምፖስት ወይም የበሰበሰ ፍግ የገባበት አፈር ይስማማዋል። ውሃ የተኛበት ሥር በበሽታ ይበሰብሳል።
* '''ሙቀት፦''' ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን አበባው ፍሬ ሳይዝ ሊረግፍ ይችላል።
* '''ማፈራረቅ፦''' በርበሬን ቲማቲም፣ ድንች ወይም ደበርጃን በነበረበት ቦታ ወዲያው መትከል አይመከርም፤ በሽታና ተባዩ የጋራ ስለሆነ ነው። ከጥራጥሬ ወይም ከእህል ጋር ማፈራረቅ ይሻላል።

ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ ሲበዛ ተክሉ ቅጠሉን ያበዛል፤ ፍሬው ይዘገያል። ለስላሳው ቅጠል ደግሞ ክሽክሽን ይስባል። ስለዚህ የተባይ ቁጥጥር የሚጀምረው ከማዳበሪያው ነው ማለት ይቻላል።

== ዋና ዋና ተባዮች ==

'''ክሽክሽ''' በቅጠል ሥርና በለጋ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ነው። እንስቷ ያለ ወንድ ሕያው ልጆች ትወልዳለች፤ በሙቅ ወቅት የተወለደችው ራሷ ለመውለድ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ክሽክሽ ከሚጠጣው በላይ የሚጎዳው በሚያስተላልፈው ቫይረስ ነው።

'''ነጭ ዝንብ''' ቅጠሉ ሲነካ እንደ ዱቄት ብን ይላል። እንደ ክሽክሽ ሁሉ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ይጥላል፤ በፈሳሹ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል።

'''ትሪፕስ''' ከ2 ሚሊሜትር የማይበልጥ ቀጭን ነፍሳት ሲሆን በአበባ ውስጥ ይደበቃል። የነካው ቅጠል ብርማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ፍሬውም ይጠማዘዛል።

'''ጓይ ትል''' የእሳት እራት እጭ ነው። ፍሬውን በስቶ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት አያገኘውም።

'''ቀይ ሸረሪት''' በእውነቱ ነፍሳት አይደለም፤ ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ ነው። በደረቅና በሞቃት ወቅት ይበዛል፤ በቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር ይሠራል።

== ጠቃሚ ነፍሳት ==

ጠቃሚ ነፍሳት በሁለት ይከፈላሉ። አዳኞች ብዙ ተባይ እየያዙ ይበላሉ። ጥገኞች ግን እንቁላላቸውን በተባዩ ላይ ወይም ውስጥ ይጥላሉ፤ የሚፈለፈለው እጭ ተባዩን ከውስጥ በልቶ ይገድላል።

* '''ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ፦''' ትልቁም እጩም ክሽክሽ ይበላሉ። እጩ ጥቁርና ረዘም ያለ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው በመሆኑ ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይገድለዋል። አንድ እጭ እስኪያድግ ድረስ በመቶ የሚቆጠሩ ክሽክሾችን ሊበላ ይችላል።
* '''ሲርፊድ ዝንብ፦''' ንብ ይመስላል፤ በአንድ ቦታ አየር ላይ ቆሞ ያንዣብባል። ትልቁ የአበባ ማር ይቀስማል፤ ዓይን የሌለው አረንጓዴ እጩ ግን ክሽክሽ ይበላል።
* '''ክሪሶፐርላ፦''' እንደ መረብ የሚያሳልፍ አረንጓዴ ክንፍ አላት። እንቁላሏን በቀጭን ክር ጫፍ ላይ ትጥላለች። እጩ ክሽክሽን፣ ትሪፕስንና የእሳት እራት እንቁላልን ይበላል።
* '''አፊዲየስ፦''' ትንሽ ጥገኛ ተርብ ነው። የነደፈው ክሽክሽ ያብጥና ወርቃማ ቡናማ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። በማሳ ላይ እንዲህ ያለ ቅርፊት መታየቱ ተርቡ ሥራ መጀመሩን ያሳያል።
* '''ኤንካርሲያ፦''' በነጭ ዝንብ ልጆች ላይ ጥገኛ የሆነ ተርብ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመስታወት ቤት እርሻ ተሠርቶበታል።
* '''ትሪኮግራማ፦''' ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ተርብ ሲሆን በእሳት እራት እንቁላል ውስጥ ይጥላል። ጓይ ትልን ፍሬው ውስጥ ሳይገባ፣ ገና እንቁላል ሳለ ስለሚያጠፋው ጥቅሙ ትልቅ ነው።
* '''ፊቶሴዩለስ፦''' ቀይ ሸረሪትን ብቻ የሚያድን ፈጣን የሸረሪት ዘመድ ነው። በኢትዮጵያ የጽጌረዳ እርሻዎች ውስጥ ጥቅም ላይ ውሏል።

ጉንዳኖች በዚህ ሥራ ውስጥ ልዩ ቦታ አላቸው። አንዳንድ ጉንዳኖች የክሽክሽን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልጉ እንደ እረኛ ሆነው ጥንዚዛውን ያባርራሉ። በዚያን ጊዜ ጉንዳኑ ወደ ተክሉ እንዳይወጣ ካልተከለከለ ጠቃሚው ነፍሳት አይበረክትም።

== የመድኃኒት ርጭት ችግር ==

ተባይና አዳኝ ተያይዘው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ይህን በሒሳብ ያሳዩት አልፍሬድ ሎትካ (1925 እ.ኤ.አ.) እና ቪቶ ቮልቴራ (1926 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በቀመራቸው መሠረት ተባዩ ቀድሞ ይበዛል፤ አዳኙ ምግብ ካገኘ በኋላ ተከትሎ ይበዛል፤ ከዚያ ተባዩ ይቀንሳል።

ለምሳሌ 10 ክሽክሾች በየ3 ቀኑ እጥፍ ቢሆኑ በ30 ቀን ከ10,000 በላይ ይሆናሉ። ጥንዚዛው ግን ከእንቁላል ተነሥቶ ትልቅ ለመሆን ብቻ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ሁሉን የሚገድል መድኃኒት ሲረጭ ሁለቱም ይሞታሉ፤ ነገር ግን የተረፉት ጥቂት ክሽክሾች ያለ ጠላት በፍጥነት ይበዛሉ። ቮልቴራ ራሱ ከቀመሩ ያገኘው ውጤት ይህ ነው፦ ሁለቱን እኩል የሚያጠፋ ነገር በመጨረሻ የሚጠቅመው ተባዩን ነው።

በዚህ ላይ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ተባዮች እየተመረጡ ይቀራሉ። ገበሬው መጠኑን ይጨምራል፤ ወጪው ይበዛል፤ የሚረጨው ሰው ጤና ይጎዳል፤ ንቦችም በአበባው ላይ ያልቃሉ። ቃሪያ በየጊዜው ተለቅሞ ጥሬውን የሚበላ ስለሆነ የመድኃኒት ቅሪት አደጋ አለው።

== የአልሜሪያ ምሳሌ ==

በደቡብ እስፓንያ የሚገኘው የአልሜሪያ አውራጃ በፕላስቲክ ቤት እርሻው ይታወቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከእስፓንያ በመጣ በርበሬ ላይ ያልተፈቀደ መድኃኒት ቅሪት በጀርመን ተገኘ፤ ገዢዎችም መሸሽ ጀመሩ። በተጨማሪ ትሪፕስ ብዙ መድኃኒቶችን ተቋቁሞ ነበር። ከዚህ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው የአልሜሪያ የበርበሬ እርሻ ወደ ጠቃሚ ነፍሳት ተዛወረ።

ሥራውን የሠሩት በተለይ ሁለት ናቸው፦ ትሪፕስን የሚበላው ኦሪየስ የተባለ ትኋን መሰል ነፍሳት እና ትሪፕስንም ነጭ ዝንብንም የሚበላው አምብሊሴዩስ ስዊርስኪ የተባለ የሸረሪት ዘመድ። ሁለቱም ተባይ ሲጠፋ የበርበሬውን አበባ ዱቄት እየበሉ መቆየት ይችላሉ። ስለዚህ ተባዩ ከመምጣቱ በፊት፣ ተክሉ አበባ ሲጀምር ይለቀቃሉ። ዘዴው በበርበሬ ላይ በጣም የተሳካበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

== በጓሮና በትንሽ ማሳ ==

በፋብሪካ የተራቡ ነፍሳትን መግዛት ለሁሉም አይቻልም። በአካባቢው ያሉትን መጠበቅ ግን ብዙ ወጪ የለውም።

# በማሳው ዳር ድንብላል፣ እንስላልና በሶብላ ተክሎ እንዲያብቡ መተው። ጥገኛ ተርብና ሲርፊድ ዝንብ ትንንሽ አበቦችን ይወዳሉ። ድንብላልና በሶብላ ደግሞ ለበርበሬው ድልዝ ያስፈልጋሉ።
# በሳምንት ሁለት ጊዜ ለምሳሌ የ20 ተክሎችን የቅጠል ሥር ማየት፤ ተባዩንም ጠቃሚውንም መቁጠር።
# ጥቂት ክሽክሽ ሲታይ በእጅ መጨፍለቅ ወይም በውሃ ማጠብ። ጥንዚዛዎች ካሉ ጥቂት ቀን መታገሥ።
# በትል የተበሳ ፍሬን ለቅሞ ከማሳ ማውጣት።
# መርጨት ግድ ከሆነ የተመረጠ ነገር መጠቀም። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ የእሳት እራት እጭን ይገድላል፤ ጥንዚዛንና ንብን አይነካም። የኒም ፍሬ ጭማቂ ከብዙ መድኃኒቶች የተሻለ ነው፤ ሆኖም ንብ በማይበርበት በምሽት መርጨት ይገባል።

== ወሰኑ ==

ጠቃሚ ነፍሳት ሁሉን አይፈቱም። ክሽክሽ ብዙዎቹን የበርበሬ ቫይረሶች በጥቂት ሴኮንድ ንክሻ ያስተላልፋል፤ ጥንዚዛው እስኪደርስ አይጠብቅም። ቫይረስ የያዘው ተክል ደግሞ አይድንም። ለዚህ የሚረዳው ችግኙን በቀጭን መረብ ሸፍኖ ማሳደግ፣ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና በማሳው ዙሪያ በቆሎ መዝራት ነው። ከውጭ የሚበረው ክሽክሽ መጀመሪያ በቆሎው ላይ አርፎ አፉን ሲያሳርፍ የያዘውን ቫይረስ እዚያው ይጥላል።

ሁለተኛው ወሰን የባዕድ ነፍሳት ጉዳይ ነው። ሃርሞኒያ አክሲሪዲስ የተባለው የእስያ ጥንዚዛ ለክሽክሽ ቁጥጥር ወደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ገብቶ፣ በኋላ የአገሩን ጥንዚዛዎች የሚጎዳ ወራሪ ሆኗል። ስለዚህ ከውጭ አገር ሕያው ነፍሳትን ማስገባት ያለ ጥናትና ያለ መንግሥት ፈቃድ መደረግ የለበትም። በማሳው ውስጥ አስቀድሞ ያለውን አዳኝ ለይቶ ማወቅና መጠበቅ ግን ለሁሉም ክፍት ነው።